በልብስ ማስጫ ሽቦ የመጣ ስም

መርሳ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ቡርቱካን የምትባል ሞባይል ጠጋኝ አለች። ስልክ ወይም ታብሌት ተበላሽቶበት ወደ እሷ የሄደ ሰው ሁሉ በአንድ ጠባይዋ ያውቃታል፤ የተሰበረውን ከመጠገኗ በፊት ያልተገጠመውን ትፈልጋለች። ክዳኑን ትከፍታለች፣ ቦርዱን ወደ ብርሃን ታዞራለች፣ አንገቷን ዘንበል ታደርግና «እዚህ ጋ ደግሞ ምን ሊያስቀምጡ አስበው ኖሯል?» ትላለች። የምትጠይቀው ደንበኛውን አይደለም፤ ራሷን ነው። ስክሪን ለማስቀየር የመጣው ሰውዬ ስክሪኑ ተቀይሮለት፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ያልነበረው ሁለተኛ ድምፅ ማጉያም ተጨምሮለት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያላዘዘው ነገር ተጨምሮልኛል ብሎ የተቆጣ ደንበኛ ግን እስካሁን አልተሰማም።

ነገሩ ለማያውቀው ምትሃት ይመስላል እንጂ ሲያስረዱት ቀላል ነው። ፋብሪካ ለእያንዳንዱ ታብሌት አዲስ ቦርድ አይሠራም። ለውዱም ለርካሹም አንድ ዓይነት ቦርድ ያትማል። በውዱ ላይ የሲም ካርድ መግቢያው፣ የሚሞሪ ካርድ መግቢያው፣ የጆሮ ማዳመጫው መሰኪያ ይበየዱበታል። በርካሹ ላይ እነዚያው ቦታዎች ባዷቸውን ይቀራሉ። ቦታው ግን አለ። መስመሩም እስከ ደጁ ተዘርግቷል። ቤት ሲሠራ «ወደፊት እጨርሰዋለሁ» ተብሎ በሩ ብቻ ወጥቶለት እንደተተወ ክፍል ማለት ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ የመዳብ ነጥቦች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ እንግዳ እንደሚጠብቁ ሁሉ እያብረቀረቁ ተቀምጠዋል። ትክክለኛውን ዕቃ ከሞተ ስልክ ቦርድ ላይ አንስቶ እዚያ ላይ ለበየደው ሰው ክፍሉ ይከፈታል። ቡርቱካን ይህን ስታስረዳ እጇ ከአፏ ይፈጥናል፤ ሻይዋ ቀዝቅዞ ይደፋል።

ያስተማሯት ወልድያ ውስጥ ሬዲዮ ይጠግኑ የነበሩት አጎቷ ኡበይደላ ናቸው። ከትምህርታቸው ሁሉ አንዱን ደጋግመው ይነግሯት ነበር። ማንኛውንም ቦርድ ስትከፍት መጀመሪያ «መሬቱ የት ነው?» ብላ እንድትጠይቅ። መሬት የሚሉት ኤሌክትሪክ ሁሉ በመጨረሻ የሚፈስበትን መስመር ነው። እሱን ሳያውቅ የበየደ ሰው ወንዙ የት እንደሚወርድ ሳያይ ቦይ እንደሚቆፍር ገበሬ ነው፤ ውሃው እሱ ወዳሰበው አይሄድለትም። ቡርቱካን ይህን ትምህርት በሺህ ቦርድ ላይ አክብራዋለች። የረሳችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ቦርድ ባልሆነ ነገር ላይ።

በ2013 ነሐሴ፣ ክረምቱ ሳይወጣ፣ ወልድያ በታጣቂዎቹ እጅ ገባች። መርሳም ብዙ አልቆየችም። ሰዉ ወደ ደሴ መሸሽ ሲጀምር ቡርቱካን ልጇን ዓቢዳን ከአክስቷ ጋር በተገኘው ሚኒባስ አሳፈረቻት። እሷ ግን ቀረች። ባሏ ናስር ከሞተ ጀምሮ የምትጦራቸው አባቱ ሸህ ሙሄዲን ጉልበታቸው አይታዘዝላቸውም፤ ጥሎ መሄድ ደግሞ ለአፍታም አልታሰባትም። «ሂጂ፣ እኔን አላህ ይጠብቀኛል» ቢሏት፣ አላህ እሷን ያስቀመጣት ለዚሁ እንደሆነ ነግራቸው ወደ ጓዳ ገባች። ክርክሩ በዚህ አለቀ።

በማግስቱ ወሬ መጣ። ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ሚኒባስ በከባድ መሣሪያ ተመቷል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስልክ ተቋርጧል፣ መብራት ጠፍቷል፣ መንገዱ ተዘግቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡርቱካን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ዓቢዳ በሕይወት መኖሯን ማወቅ።

ሱቋ ተዘርፏል። ስልኮቹ፣ መበየጃዋ፣ ወረንጦዎቿ ሳይቀሩ ሄደዋል። የቀረው ወለሉ ላይ የተበተነ የሞተ ቦርድ ክምርና መስታወቱ የተሰነጣጠቀ አንድ ርካሽ ታብሌት ነበር። አንዱ ታጣቂ ረግጦት እንዳለፈ የቦት ጫማው ጭቃ ይመሰክራል። ቡርቱካን ቦርዶቹን በመቀነቷ፣ ታብሌቱን በብብቷ ይዛ ወደ ቤቷ ገባች።

ብዙም ሳይቆይ ሬዲዮና ስልክ ያለው ሁሉ እንዲያስረክብ ታዘዘ፤ ሲደበቅ የተገኘበት ሰው ምን እንደሚገጥመው ማስረዳት አላስፈለገም። በዚያው ሰሞን ከታጣቂዎቹ አንዱ፣ ረጅም ጎልማሳ፣ የተበላሸ የመገናኛ ሬዲዮ ይዞ ወደ ግቢዋ መጣ። ጠጋኟ አንቺ ነሽ ተብያለሁና ነገ ካምፕ መጥተሽ ይህንንም ሌላውንም ትሠሪያለሽ አላት። ቡርቱካን ሬዲዮውን እንኳ አልተቀበለችውም።

«መበየጃዬን ማን ወሰደው?» አለችው።

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«እኔ አውቃለሁ። የወሰደው ይጠግንላችሁ።»

ሰውየው ትንሽ ካፈጠጠባት በኋላ ተመልሶ እንደሚመጣ ተናግሮ ወጣ። ሸህ ሙሄዲን ከመደባቸው ላይ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። ጠርተው ምላስዋ እንደ ወረንጦ መሆኑን ነገሯት። ቡርቱካን ተግሣጽ ነው ብላ አንገቷን ደፋች።

«አንቺ፣ አልተቆጣሁም እኮ» አሏት። «ደስ ብሎኛል። ግን እንዲህ ልትመልሺ ስታስቢ ቀድመሽ ንገሪኝ፤ ልቤ ያረጀ ነው።»

የሬዲዮውን ወሬ ያመጣችው የሻረግ ናት። የሻረግ ግራና በምትባለው ትንሽ ከተማ አካባቢ የምትኖር ሽንኩርት ነጋዴ ስትሆን ከቡርቱካን ጋር ከድሮ ትተዋወቃለች፤ ልጇ ብርሃኑም ሲሸሽ እንደወጣ ወሬው ጠፍቷል። አህያዋን እየነዳች በገደል መንገድ መጣችና፣ በገጠሩ በኩል አንድ የደበቁት ሬዲዮ ያላቸው ሰዎች የነገሯትን በሹክሹክታ አደረሰች። ከደሴ የሚተላለፍ አንድ የኤፍኤም ጣቢያ ተፈናቅለው ደሴና ኮምቦልቻ የገቡ ሰዎችን ስም በየወረዳው ያነባል። ሰዎቹ ራሳቸው ቀርበው ያስመዘግባሉ፤ ስለዚህ ስሙ የተነበበ ሰው በሕይወት አለ። የመርሳ ወረዳ የሆነው የሐብሩ ተራ ረቡዕ ጠዋት ነው። የባለ ሬዲዮዎቹ ባትሪ ግን ያንኑ ቀን አልቆባቸዋል፤ ሌላም አይገኝም።

ቡርቱካን ይህን ሰምታ ተነሥታ ታብሌቱን አመጣችና ክዳኑን በቢላ ፈለቀቀችው።

የሻረግ፣ ይህ ታብሌት እንጂ ሬዲዮ አለመሆኑን ልታስታውሳት ሞከረች። ቡርቱካን ግን ፊቷ በርቶ ነበር። ቦርዱ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር አራት ማዕዘን ቺፕ አሳየቻት። ዋይፋይና ብሉቱዝ የሚያስኬደው ይህ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን እዚያው ሆዱ ውስጥ የኤፍኤም ሬዲዮ መቀበያም አለው፤ ሦስቱን አንድ ላይ አድርገው ነው የሚሠሩት። ፋብሪካው ታብሌቱን ርካሽ ለማድረግ ሬዲዮውን አላወጣውም፣ ጆሮውን ብቻ ከለከለው። ከቺፑ የሚወጣው መስመር ትንሽ ሄዶ ባዶ ቦታ ላይ ይቆማል። እዚያ አንድ ጥቅል ሽቦና ካፓሲተር የሚሉት አንድ ቅንጣት ዕቃ መቀመጥ ነበረባቸው። ከነሱ ማዶ የጆሮ ማዳመጫው መሰኪያ ቦታ አለ፤ እሱም ባዶ ነው።

«ሬዲዮውማ አለ» አለች ቡርቱካን በጣቷ እየነካች። «ደንቆሮ ሆኖ ነው የተወለደው። ጆሮ እንሠራለታለን።»

የሻረግ ቦርዱን አየች፣ ቡርቱካንን አየች። አህያዋ እንኳ ከዚህ የተሻለ ጆሮ እንዳላት ተናግራ ሳቀች። ግን ረቡዕ እንደምትመለስ ነገረቻት።

ሥራው እንዲህ ተሠራ። መበየጃ የለም፤ ቡርቱካን አንድ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ጫፉን በድንጋይ አሹላ በእንጨት እጀታ ላይ አሰረችውና በከሰል እሳት አጋለችው። የጋለ መዳብ ሙቀቱን የሚይዘው ለጥቂት ትንፋሽ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዷን ነጥብ ለመበየድ ወደ ከሰሉ ትመላለሳለች። ለመበየጃ የሚሆነውን እርሳስ ከሞቱት ቦርዶች ላይ ጠርጋ ሰበሰበችው። ጥቅል ሽቦውንና ካፓሲተሩን ኤፍኤም ከነበረው የአሮጌ ስልክ ቦርድ ላይ፣ ጎን ለጎን ከተቀመጡበት፣ ጥንድ አድርጋ አነሳች። ሁለቱን ነጣጥሎ ከተለያየ ስልክ ማምጣት እንደማይሆን ታውቃለች፤ አንዱ በሌላው ልክ ነው የተመረጠው። ዓይኗ አልደርስ ሲል ሸህ ሙሄዲን ቁርአን የሚቀሩበትን አጉሊ መነጽር አቀበሏት፤ ከእሷ በቀር ለማንም እንደማይሰጡት ጭምር ነገሯት።

ፀሐይ ላይ በዋለ ትንሽ ሶላር ታብሌቱን ሞልታ ስትከፍተው አልነሣ አለ። መነጽሩን መልሳ ስታይ አንዲት የእርሳስ ፍንጣሪ ሁለት ነጥቦችን አገናኝታ አገኘች። በመርፌ ጫፍ ጫረቻት። ታብሌቱ በተሰነጣጠቀ ፊቱ ብልጭ አለ። የሬዲዮው ፕሮግራም ከሚታዩት መካከል አልነበረም፤ ግን ፋብሪካው ክፍሉን ሲዘጋ ቁልፉን አልጣለውም። ጠጋኞች ብቻ በሚገቡበት የመፈተሻ ገጽ ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው። ነካችው። ሹሹታ ተሰማ።

ያ ሹሹታ ለሌላው ሰው የባዶ ነገር ድምፅ ነው። ቡርቱካን ግን መዳፏን አፏ ላይ ጫነች፤ መቀበያው መንቃቱን ነገራት። አሁን የሚፈልገው ረጅም ጆሮ፣ ማለትም አንቴና ነበር። ደሴ ሩቅ ነው፤ በመሐል ተራራ አለ።

በግቢው ውስጥ፣ ከመስኮቷ አጠገብ ካለው ምሰሶ እስከ ቆርቆሮው አጥር ድረስ፣ ናስር በሕይወት ሳለ የወጠረው የልብስ ማስጫ አለ። የድሮ የስልክ መዳብ ሽቦ ነው፣ ራቁቱን። ከድምፅ ማጉያ የፈታችውን እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ከቦርዱ አውጥታ በመስኮቱ ስንጥቅ አሳልፋ ከእሱ ጋር አገናኘችው። ሹሹታው ቀስ ብሎ ተከፈለና ከውስጡ የሰው ድምፅ ወጣ፤ ስለ አየር ጠባይ የሚያወራ ሰው። ሸህ ሙሄዲን አልሐምዱሊላህ አሉ። ከዚያም ደሴ ላይ ዝናብ መዝነቡ ደስ እንዳሰኛቸው አከሉ።

ረቡዕ መጣ። ልጅ የጠፋባቸው፣ ወንድም የጠፋባቸው የሰፈሩ ሴቶች ሰምተዋል። ነገር ግን ሰብሰብ ማለት ተከልክሏል። መላ ያገኘችው ሀጂራ ናት። ሀጂራ በጎን ያለችው ጎረቤት ናት፤ ንጽሕናዋና ምላስዋ እኩል የሚፈሩ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ እንኳ የሰው ነጠላ ላይ እድፍ የምታይ ሴት። ልብስ ማጠብን የሚከለክል ትእዛዝ እንደሌለ ተናገረችና ሁሉም የቆሸሸ ልብሱን ይዞ ወደ ቡርቱካን ግቢ እንዲመጣ አደረገች። መጡ። የልብስ ማጠቢያ ገበታዎቹ ተደረደሩ። ታብሌቱ ከመስኮቱ ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተቀመጠ። አንባቢዋ ሐብሩን ጀመረች። ሴቶቹ እጃቸው ውሃ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«ዓቢዳ…» አለ ሬዲዮው።

ከዚያ ሹሹታው እንደ ጎርፍ መጥቶ ዋጠው። ቡርቱካን መስኮቱን ሙጭጭ ብላ ያዘች። የአባት ስም አልመጣም። ቦታ አልመጣም። በሐብሩ ስንት ዓቢዳ አለች። ሹሹታው ሳይለቅ የሐብሩ ተራ አለፈ።

ቡርቱካን ወደ ግቢው ወጣች። ሽቦው ላይ ውሃ የጠገበ የሀጂራ ጋቢ ተሰቅሏል፤ እየተንጠባጠበ።

«ምነው ምነው ሀጂራ» አለች፤ «ያጠብሽውን ሁሉ ማስጣት አለብሽ?»

«እና የቆሸሸ ልብስ ሽቦ ላይ ሰቅዬ ለመንገደኛ ልታይ?» አለች ሀጂራ። እውነቷን ነው፤ እጇ የሥራዋን ነው የሠራው። እሷ ዘንድ የታጠበ ልብስ ይሰጣል፣ ያልታጠበ አይሰጣም፤ ከዚህ ውጭ ዓለም የለም።

ቡርቱካን ወደ ጋቢው ተጠጋች። ዓይኗ ሽቦው ላይ ቀርቷል። የጋቢው ክብደት ሽቦውን አጎንብሶታል፤ የረጠበው ጫፍ የቆርቆሮ አጥሩን ይነካል፤ የቆርቆሮው ሥር በክረምቱ ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል። የአጎቷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። መሬቱ የት ነው? መሬቱ እዚህ ነበር። ከደሴ ተራራ ዘሎ የመጣውን ያን ቀጭን ነገር ውሃውና ቆርቆሮው እየጠጡ ወደ ጭቃው አፍስሰውታል። ጥፋቱ የሀጂራ አልነበረም። ቦርዱን በአጉሊ መነጽር መርምራ፣ ሽቦውን ግን እንደ ልብስ ማስጫ ብቻ ያየችው ራሷ ነበረች።

ይህን በተረዳች ጊዜ ንዴቷ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ሴቶቹን እዚያው አቁማ ልታሳያቸው ጀመረች። ሌላ ጣቢያ ከፈተችና ጋቢውን ከአጥሩ እንዲያርቁት አደረገች፤ ድምፁ ተመለሰ። መልሰው አስነኩት፤ ሰጠመ። ቀላል ነጠላ ሰቀሉ፤ ትንሽ ብቻ ደከመ። ደረቅ ቀሚስ ሰቀሉ፤ ምንም አልሆነ። በመጨረሻ ሴቶቹ ራሳቸው ተራ እየተሻሙ ነበር። የሻረግ የረጠበ የአህያ ጭነት ማሰሪያ ሰቅላ «አሁንስ?» ትላለች፤ ሀጂራ በጋቢዋ መከሰስ አሳፍሯት ጋቢውን አጥብቃ ትጨምቀዋለች። ፍርዱ ግልጽ ሆነ። ሽቦው ባዶ ከሆነ ሊያጥቡ ተሰበሰቡ መባሉ አይታመንም፤ ስለዚህ ረቡዕ ረቡዕ ሽቦው ላይ የሚሰቀለው ደረቅ ልብስ ብቻ ነው። ታጥቦ የደረቀ ልብስ ደግሞ ማንም የለውም፤ ሳሙናው ተዘርፎ ካለቀ ቆይቷል፤ የሀጂራ ጋቢ የጠጣው የመጨረሻዋን ቁራጭ ነበር። ስለዚህ የሚሰቀለው ያልታጠበ ነው።

ሀጂራ ይህን ስትሰማ ፊቷን አዞረች። ሰው ይታዘበኛል አለች። ቡርቱካን አልለመነቻትም። ዓቢዳን አምጣ የወለደቻት እሷ ብትሆንም እትብቷን የቆረጠችው ሀጂራ እንደሆነች ብቻ አስታወሰቻት።

በሳምንቱ መሐል ረጅሙ ታጣቂ ሁለት ጊዜ በአጥሩ በኩል አለፈ። ይህ ሁሉ ሴት ለምን እዚህ ግቢ ብቻ እንደሚያጥብ ጠይቋል አሉ። ከእንግዲህ ሬዲዮው በድምፅ ማጉያ መጮሁ አደጋ ነበር። ቡርቱካን ሁለተኛውን ባዶ ቦታ ለመሙላት ተቀመጠች፤ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ስላልነበራት ቤት የተገኘ የአሮጌ ማዳመጫ ሽቦ በቀጥታ ነጥቦቹ ላይ በየደች። አድማጭ ማን ይሁን ሲባል ሸህ ሙሄዲን እሳቸው እንደሚሆኑ ነገሯቸው። ዓይናቸው ቢደክምም ጆሮአቸው እንደ ወጣት ነው። መንዙማ ሲመሩ የኖሩ ናቸው፤ አንድ ጊዜ የሰሙትን ስንኝ አይረሱም።

«አባባ፣ አንቱን ቢይዙብኝስ?» አለች ቡርቱካን።

«ጋቢዬን ገልጦ የሚፈትሽ ይምጣ» አሉ ሸህ ሙሄዲን። «አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ እምቢ ማለት የምትችይው?»

እናም በቀጣዩ ረቡዕ ሸህ ሙሄዲን ደጅ፣ በቤቱ በር አጠገብ ባለው መደብ ላይ ተቀመጡ። ታብሌቱ ከጋቢያቸው ሥር፣ ሆዳቸው ላይ፤ ቀጭኑ ሽቦ ከጀርባቸው ተሸሽጎ ከማስጫው ጋር ተገናኝቷል። ማዳመጫው ከጥምጥማቸው ሥር፣ ጆሮአቸው ውስጥ። የዱዓ መቁጠሪያቸው፣ መስበሃቸው፣ በእጃቸው። ሴቶቹ ሳሙና በሌለው ውሃ ውስጥ ጥቂት ልብስ ዘፍዝፈው በየገበታቸው ተቀመጡ። ሽቦው ላይ ከተሰቀሉት ፊተኛው የሀጂራ የራሷ ቀሚስ ነበር፣ አንገቱ ላይ ጥቁር መስመር ያለው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የሰቀለችው።

ሐብሩ ተጀመረ። የሸሁ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ስሞቹን እየያዙ ነው። በዚያው ቅጽበት የቆርቆሮው በር ተገፋና ረጅሙ ታጣቂ ገባ።

ማንም አልተነሣም። ሰውየው ገበታዎቹን አየ። ሽቦው ጋ ሄዶ የሀጂራን ቀሚስ ዳሰሰው። ደረቅ ነው። ሌላውን ዳሰሰ። እሱም ደረቅ ነው። ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

«ይሄ አልታጠበም» አለ።

የሀጂራ እጅ ከጎኗ ያለውን የውሃ ጀሪካን እንደያዘ ቡርቱካን አየች። ቀሚሱ ላይ ውሃ ብትቸልስበት ነገሩ ሁሉ ይስተካከላል፤ ልናጥብ ነው ይባላል፤ ክብሯም ይተርፋል። ሽቦው ግን ይጎነበሳል፤ የሸሁ ጆሮ ይደፈናል።

ሀጂራ ጀሪካኑን ለቀቀችው።

«አዎ፣ አልታጠበም» አለች ተነሥታ። «ሳሙናዬን ማን ወሰደውና? እኔ ሀጂራ፣ ሰፈሩ በንጽሕናዬ የሚምልብኝ፣ ዛሬ እድፌን ፀሐይ ላይ ሰቅያለሁ። ቅማሉን ፀሐይ ይግደልልኝ ብዬ ነው። ቅረብ፣ ቁጠረው።»

ሰውየው ቀሚሱን ለቆ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። የሻረግ ሳቋን ለመዋጥ ገበታዋ ላይ አጎነበሰች። እሱም ነገር ለመለወጥ ብሎ ይሁን አይታወቅም፣ ወደ መደቡ ዞረና ሽማግሌው ምን እንደሚያጉተመትሙ ጠየቀ።

«ዱዓ ነው» አለች ቡርቱካን። «ከኛ ለራቁት።»

ይህን ጊዜ ሸህ ሙሄዲን ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። በጥንቱ የመንዙማ ዜማ፣ ቀስ ብለው፦

ለሙስሊም ለክርስቲያን አንድ ነው አዛኙ፤
የሻረግ ደስ ይበልሽ፣ ብርሃኑን አገኙ።

የሻረግ ሳቋ እዚያው ላይ ቆመ። ሀጂራ ቶሎ ብላ በጭብጨባ ተቀበለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ክርስቲያኗም የወሎ ልጅ ናት፤ አዝማቹን ታውቀዋለች፤ እንባዋን በክርኗ እየጠረገች አብራ ተቀበለች። ታጣቂው በሩ ጋ ቆሟል። ሸሁ መስበሃቸውን አንድ ፍሬ ሳቡና ዝም አሉ። ያዳምጣሉ። ቡርቱካን መዳፏ ውስጥ ያለውን ጨርቅ ጨምድዳዋለች። ቀጠሉ፤ ድምፃቸው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሰበር አለና ተቃና፦

ያ ረቢ ያ ከሪም፣ መንገዱን አቃና፤
የናስር ዓቢዳ ኮምቦልቻ ናት ደህና።

ቡርቱካን አልጮኸችም። እልልም አላለችም። ጨርቁን ወደ ገበታው መለሰች፣ እጇን አነሣች፣ አጨበጨበች። ዜማውን ተቀበለች። ድምፅዋ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር።

ታጣቂው መንዙማው እስኪያበቃ መቆም አልፈለገም። ከመውጣቱ በፊት ግን ወደ ቡርቱካን ዞሮ የመገናኛ ሬዲዮው አሁንም እንዳልተሠራና ነገ ካምፕ መቅረብ እንዳለባት ነገራት።

«መልሴን ሰምተኸዋል» አለችው ቁጭ እንዳለች። «የወሰደው ይጠግንላችሁ።»

ረጅሙ ታጣቂ ሴቶቹን፣ ሽማግሌውን፣ በሽቦው ላይ የተንጠለጠለውን እድፋም ልብስ አየ። በሩንም ሳይዘጋ ሄደ። የሻረግ በሩን ዘጋችው፤ ከዚያ በሩን ተደግፋ አለቀሰች።

ሸህ ሙሄዲን ማዳመጫውን ከጆሮአቸው አወጡ። ሰውየው እስኪሄድ መታገስ እንደሚሻል ያውቁ እንደነበር፣ ግን ያን ስም ውጦ መቀመጥ እንዳቃታቸው ተናገሩ። ቡርቱካን ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸውም ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ፣ ማዳመጫው ጆሮአቸውን ስለሚቆረቁራቸው ለሚቀጥለው ረቡዕ ጨርቅ ነገር እንድታለብሰው አዘዟት።

ሀጂራ ቀሚሷን ከሽቦው ላይ መንጥቃ ገበታ ውስጥ ከተተችው።

«አሁን ልጠብ?» አለች።

«እጠቢ» አለች ቡርቱካን። «እስኪነጋ ይንጠባጠብ።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቡርቱካን ከሰሉን አቀጣጠለችና የታብሌቱን ክዳን እንደገና ከፈተች። ሀጂራ እጇን እያደራረቀች መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች፤ ስሙ ተሰምቶ የለም እንዴ፣ አሁን ደግሞ ምን ቀረ አለቻት። ቡርቱካን አጉሊ መነጽሩን አቀበለቻትና በመርፌ ጫፍ አንድ ጥግ አሳየቻት። ስድስት ነጥቦች በሁለት ረድፍ፣ ማንም ያልተቀመጠባቸው። የሲም ካርድ መግቢያ ቦታ ነው። ከእሱ ጀርባም የሚሞሉ ብዙ ትናንሽ ቦታዎች አሉ፤ አድካሚ ሥራ ነው፤ ዕቃውም ከሞቱት ቦርዶች ሁሉ እየተለቀመ ነው የሚገኘው።

«በምን ኔትወርክ ልትደውይ ነው?» አለች ሀጂራ። «ከተማው ሁሉ ድዳ ሆኖ።»

«ይመጣል» አለች ቡርቱካን። የጋለውን መዳብ ከከሰሉ አነሣችና ትንፋሿን ያዘች። «ሲመጣ ቦታው ባዶ ሆኖ አያገኘንም።»

የመጀመሪያዋን ነጥብ በየደች።